ለልምምድ ግሎክ 44 ይሻላል ወይስ ታውረስ ቲኤክስ 22?

ሁለቱም 22 ካሊበር የምትባለዋን ትንሽ ጥይት የሚተኩሱ ሽጉጦች ናቸው። አሜሪካ ሆናችሁ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) የምትሄዱ፣ በ9 ሚሊሜትር ጥይት ብቻ መለማመድ ኪስ ያራቁታል፤ በ22 ከሆነ ግን በዛው ብር ከእጥፍ በላይ ትተኩሳላችሁ። የ22ቷ አረር ክብደት 40 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) አካባቢ ነው፣ የተለመደው 9 ሚሊሜትር 115 ነው፣ ስለዚህ ሽጉጡ ብዙም አይራገጥም፣ ጀማሪ ሰው አይኑን ሳይጨፍን ቃታ መሳብ ቶሎ ይለምድበታል።

አሁን ግሎክ 19 (የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ) ያለው ሰው 44ን ይግዛ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም መጠኑ ከ19ኙ ጋር አንድ ነው፣ አያያዙም ያው ነው፣ እዚህ የለመደው እጅ እዛም ይሰራል። ቅር የሚለኝ ካዝናው 10 ብቻ መያዙና ከታውረሱ መወደዱ ነው። ቲኤክስ 22 16 ይይዛል፣ ቃታውም በጣም ለስላሳ ነው (ከ10 በላይ በሚከለክሉ ስቴቶች ግን የካዝናው ነገር ጥቅም የለውም)።

ሁለቱም ላይ የሚከሽፍ ጥይት አይጠፋም፣ የ22 ጥይት ማቀጣጠያው ያለው ጠርዙ ላይ ስለሆነ አንዳንዴ አይነሳም። ቃታ ስባችሁ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ እባካችሁ ወዲያው አትክፈቱት፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሴኮንድ ጠብቁና ከዛ አውጡት፣ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። ጥይቱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለውም እጃችሁን ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ።

ምንም ሽጉጥ ለሌለው ጀማሪ ግን እኔ ታውረሱን ነው የምመርጥለት፣ የተረፈውን ብር ለጥይትና ለጥሩ የጆሮ መከላከያ ያውለው።