የቀጠሮ ማስያዣ ስክሪፕት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ዜሮዎቹን እዩ

ሰላም ጓዶች፣ ኦንላይን የሚሸጡ ዝግጁ የጃቫስክሪፕት ኮዶችን ገዝታችሁ ዌብሳይታችሁ ላይ የምትጭኑ ካላችሁ ተጠንቀቁ። እኔ የገዛሁት የቀጠሮ ማስያዣ ነው፣ ዲዛይኑ ሸጋ፣ ዴሞውም እንከን የለውም፣ ግን ደንበኛ 30 ደቂቃ ብሎ ሲይዝ ሲስተሙ 24 ደቂቃ ብቻ ይይዝለትና ቀጣዩን ሰው እላዩ ላይ ይደርብበታል፣ 45 ያለው 37 ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ያለው ደግሞ 48 ደቂቃ። 90 ደቂቃ የያዘ ሰው ግን ልክ 90 ያገኛል፣ ዴሞው ላይ ያለው ምሳሌም እሱ ብቻ ነው!

ኮዱን ስትከፍቱት ጉዱ ይወጣል። የደቂቃ ቁጥሮቹ ከ120 ጋር ቀጥ ብለው እንዲሰለፉ ነው መሰለኝ 030፣ 045፣ 060፣ 090 ተብለው ነው የተጻፉት። ለዓይን ያምራል፣ ጃቫስክሪፕት ግን ፊቱ ዜሮ ያለበትን ቁጥር ኦክታል ነው ብሎ በ10 ሳይሆን በ8 ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ 030 ማለት 3 ጊዜ 8 ነው፣ 24። ኦክታል ውስጥ 8 እና 9 የሚባል ዲጂት ስለሌለ 090ን ሲያይ ምንም ሳይናገር እንደ ተራ ቁጥር ያነበዋል፣ ለዛ ነው እሱ የተረፈው። ሲ (C) ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተወረሰ የድሮ ነገር ነው፣ ጃቫና ፒኤችፒም ላይ አለ። ፓይተን 3 ግን ጭራሽ አልቀበልም ብሎ ኤረር ይሰጣል፣ ጃቫስክሪፕትም ስትሪክት ሞድ (ጠበቅ ያለው አሠራሩ) ላይ እንደዛው፣ እነዚህ ሰዎች ግን አላበሩትም።

ሻጮቹን ስጠይቅ መጀመሪያ የብራውዘርህን ካሽ (ያስቀመጠውን የድሮ ቅጂ) አጥፋ አሉኝ፣ ቀጥሎ ኮዱ ኤረር አይሰጥም ስለዚህ ችግሩ ከእኛ አይደለም፣ ሪፈንድ ደግሞ ፋይሉ አንዴ ከወረደ አይቻልም። ኤረር አለመስጠቱ እኮ ነው ችግሩ!

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በስትሪክት ሞድ ወይም እንደ ሞጁል (ሁልጊዜ በስትሪክት ሞድ የሚነበብ ፋይል) ሲሰራ አሳዩኝ በሏቸው፣ እምቢ ካሉ ተዉት። ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ኤዲተራችሁ ላይ ከትዕምርተ ጥቅስ ውጪ ያሉትን በዜሮ ጀምረው ወዲያው ሌላ ዲጂት የሚከተላቸው ቁጥሮች ፈልጉና ዜሮውን አንሱ (0.5 ዓይነቱን አትንኩ)። ፒኤችፒ ፋይል ውስጥ ለፎልደር ፈቃድ የተጻፈ 0755 ካገኛችሁም ተዉት፣ እሱ ሆን ተብሎ ኦክታል የተደረገ ነው፣ ዜሮውን ካነሳችሁ ፈቃዱ ይበላሻል።