የዳርት ጠመንጃ ለከብትና ለዱር እንስሳ፦ ዳን-ኢንጀክት ወይስ ኒው-ዳርት?

የዳርት ጠመንጃ (መድኃኒት የያዘ መርፌ፣ ማለትም ዳርት፣ ከርቀት የሚተኩስ መሣሪያ) ሊገዛ ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ይመታል?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «ስንት ሚሊ ይይዛል?» የሚለው ነበር። የዴንማርኩ ዳን-ኢንጀክት የተለመዱ ዳርቶች 1.5፣ 3፣ 5 እና 10 ሚሊ ይይዛሉ፤ የአሜሪካው ኒው-ዳርትም ከዚህ ብዙም አይርቅም። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በ20 ፐርሰንቱ ኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) ይታከም ቢባል፣ ለ10 ኪሎ 1 ሚሊ ስለሆነ 30 ሚሊ ያስፈልጋል። ሦስት ትልልቅ ዳርት መሆኑ ነው፤ ከመጀመሪያው በኋላ በሬው ቆሞ አይጠብቃችሁም። ሌላው አንቲባዮቲክ ቱላትሮማይሲን (በሚሊ 100 ሚሊግራም ያለው) ለ40 ኪሎ 1 ሚሊ ስለሆነ 7.5 ሚሊ፣ ማለትም አንድ ዳርት ይበቃዋል። ይሁንና መድኃኒቱ በከብት የሚወጋው ከአንገት ቆዳ ሥር ነው፤ ዳርት ደግሞ ጡንቻ ውስጥ ይግባ ቆዳ ሥር ይቅር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጥልቀቱ ሲዛባ ለእርድ የሚጠበቀው ጊዜም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ ክራሽ (ከብት ገብቶ የሚያዝበት ጠባብ አጥር) ላለውና ከብቱን ማስገባት ለሚችል ሰው ይህን ዕቃ አንመክርም። ቦታው ሊያዝ የማይችል ኮርማ፣ የተበተነ መንጋና የዱር እንስሳ ላይ ነው።

ሁለቱ የሚለያዩት በጠመንጃው ሳይሆን በዳርቱ ሆድ ነው። የዳን-ኢንጀክት ዳርት ፕላስቲክ ነው፤ ታጥቦ ደጋግሞ ይሠራል። ውስጡ በሚንሸራተት መግፊያ (ፒስተን) ሁለት ክፍል ይሆናል፦ ከፊት መድኃኒት፣ ከኋላ በሲሪንጅ የሚሞላ አየር። የመርፌው ቀዳዳ ጎኑ ላይ ነው፣ በሲሊኮን ቱቦ ይሸፈናል። መርፌው ቆዳ ሲበሳ ቱቦው ወደኋላ ይንሸራተታል፣ አየሩም ፒስተኑን እየገፋ መድኃኒቱን ያስገባል። በኒው-ዳርት ግን የሚገፋው ሲመታ የምትፈነዳ ትንሽ ባሩድ ናት፤ ዳርቱም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዘገጃጀቱ ቀላል ነው፣ የሚያፈስ አየርም የለውም። በሌላ በኩል መድኃኒቱ በቅጽበት ስለሚረጭ ሥጋውን ይበልጥ ይጎዳል። ቀጭን እግር ላላቸው ትንንሽ የዱር እንስሳት የአየሩን እንመርጣለን፤ ለወፍራም ቆዳና ለብዙ ከብት የባሩዱ ይቀላል።

የአየር ዳርት ሲዘጋጅ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ ፒስተኑ በሲሊኮን ዘይት ይለሰልሳል፣ ባዶውን ወዲያና ወዲህ ይሞከራል። መድኃኒቱ ይሞላል፤ ቱቦው ቀዳዳውን መሸፈኑ የተረጋገጠ መርፌ ይገጠማል፤ መከላከያ ክዳኑ ይደረጋል። አየር የመጨረሻው ነው። ክዳኑ ውስጥ ጠብታ ከታየ ቱቦው ላልቷል ማለት ነው፤ ያ ዳርት አይተኮስም። መድኃኒቱ ዳርቱን ካልሞላው ለመርፌ የተዘጋጀ ንጹሕ (ስቴራይል) ውሃ ይጨመርበታል፤ ባዶ ቦታ ሲኖር ፈሳሹ እየዋለለ ዳርቱን ከመስመር ያስወጣዋል።

«መታሁት፣ ግን አልሠራም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ዳርቱን ከጠመንጃው ከሚያስወነጭፈው ጋዝ ግፊት ይመጣል። ግፊት ሲበዛ ዳርቱ ነጥሮ ይመለሳል ወይም አጥንት ይሰብራል፤ ሲያንስ ቱቦው ሳይንሸራተት ይቀራል። ርቀቱን በሌዘር መለኪያ ለኩ፣ የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) ልትተኩሱ ስትሉ እንደገና እዩ፤ ፀሐይ ላይ የቆየ ጋዝ ግፊቱ ይለወጣል። ከፋብሪካ የሚመጣው የግፊት ሠንጠረዥ መነሻ ብቻ ነው። በባሌም ሆነ በሰሜን ተራሮች ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ዳርቱ በፍጥነቱ ይቆያል፣ ከፍ ብሎም ያርፋል። በውሃ በተሞላ ዳርት ካርቶን ላይ ተለማምዳችሁ የራሳችሁን ሠንጠረዥ ጻፉ። ከ40 ሜትር በላይ መተኮስ፣ በተለይ ነፋስ ካለ፣ ማስታወቂያው ምንም ይበል፣ አናበረታታም።

ለዱር እንስሳ ማደንዘዣ ጥሩው ቦታ ትከሻና የኋላ ጭን ነው፣ ዳርቱም ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። የጠገበ እንስሳ ዳሌ ላይ ስብ ስላለ መድኃኒቱ እዚያ ተኝቶ ይቀራል። ለሥጋ የሚታረድ ከብት ከሆነ ግን አንገት ነው፣ ጭኑ ይቅር። ታክሞ ወዲያው ለሚለቀቅ እንስሳ፣ መርፌውን ሥጋ ውስጥ የሚያቆየው የጄላቲን አንገትጌ ይሁን፤ በሰውነት ሙቀት ለስልሶ ዳርቱ በራሱ ይወድቃል። ሽቦ ያለው መርፌ ተይዞ ለሚነቀልለት ብቻ ነው። የወደቀው ዳርት የግድ ይፈለግ፦ ፒስተኑ እስከፊት ከሄደ መጠኑ ገብቷል፣ መሐል ላይ ከቆመ አልገባም። ሳታረጋግጡ መድገም መጠኑን እጥፍ ማድረግ ነው።

መድኃኒቱ ላይ ሦስት ነገር እናስጠንቅቅ። ማስታገሻው ዚላዚን ለከብት የሚበቃው የፈረሱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ በሚሊ 20 እና 100 ሚሊግራም የሆነ ስላለውም የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነቡ መቅዳት ሞት ያመጣል። የወደቀ አመንዣኪ በደረቱ ይቀመጥ፣ ራሱ ከፍ፣ አፉ ወደታች ይሁን፣ ካልሆነ የሆዱ ነገር ወደ ሳንባው ይገባል። ቲልሚኮሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ዳርት ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ፤ በስሕተት ሰው ከወጋ ልብ ያቆማል። እጅግ ኃይለኛ ከሆነው ማደንዘዣ ከኤቶርፊን ጋር የሚሠራ ደግሞ ብቻውን አይውጣ፣ ማርከሻው የተቀዳ ሆኖ በሁለተኛው ሰው እጅ ይሁን።

ዳን-ኢንጀክትን የምትገዙ መለዋወጫውን ከጠመንጃው ጋር በአንድ ላይ እዘዙ፦ የሲሊኮን ቱቦ፣ መርፌ፣ የጎማ ቀለበትና የጋዝ ካርትሪጅ። ካርትሪጁ በአውሮፕላን ሻንጣ እንደልብ አይጫንም፤ ከሀገር ውስጥ የሚገኘው ለጠመንጃው መግጠሙን ገንዘብ ሳትከፍሉ አረጋግጡ።