«በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?» ብላ ለጠየቀችን ሲስተር ምስጋና

ሰላም ወገኖች። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የልብ ክሊኒክ ውስጥ ሆልተር የሚባለውን፣ ሰው ላይ ተገጥሞ የልብ ምት የሚቀዳ ማሽን የምትገጥም ሲስተር አለች። ስሜን እንዳትጽፍ ብላ አስምላኛለች፣ ስለዚህ አልጽፈውም። ግን ዝም ብል ይከነክነኛል።

ታላቅ ወንድሜ 44 ዓመቱ ነው። ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ የሚባል የጡንቻ ሕመም አለበት። ጡንቻው ቀስ እያለ ይዝላል፣ ደግሞም አንዴ ከጨበጠ ቶሎ አይፈታም። ሰላም ሲላችሁ እጃችሁን ይዞ ይቀራል። ሰፈር ውስጥ «የሱ ሰላምታ ፍቅር አለው» ይባል ነበር፣ እኛም ስንስቅ ኖረናል። አንድ ቀን የታክሲ በር ይዞ መልቀቅ አቅቶት ረዳቱ ሲጮህበት ነው ነገሩ የቀልድ እንዳልሆነ የገባን። በዘር የሚመጣ ነው። አባታችንም በጎልማሳነቱ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር፣ እሱም ከዚሁ ሕመም ምልክቶች አንዱ ነው አሉን። ያኔ ማን አገናኝቶት!

ሕመሙ ልብንም እንደሚነካ ግን የነገረን አልነበረም። እንደገባኝ ልንገራችሁ፦ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው ኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ይዘገያል፣ ሲብስ ደግሞ ጭራሽ ይቋረጣል። ተንኮሉ፣ እጅና እግሩ ገና ደህና የሆነ ሰው ላይም መምጣቱ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ካለባችሁ፣ ምንም ባይሰማችሁ እንኳን በዓመት አንዴ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያወጣ ምርመራ) መነሳት ያስፈልጋል።

ወንድሜ ሌሊት ሲነሳ ይዞርበት ጀመር። አንድ ሌሊት ሚስቱ ኮሪደር ላይ ወድቆ አገኘችው። ጨጓራ ነው ተባለ። ደም ማነስ ነው ተባለ። ጠበልም ሄደናል፣ አልዋሽም። በመጨረሻ አንድ የልብ ሐኪም ኢሲጂውን አይተው የኤሌክትሪኩ መተላለፊያ ጊዜ 250 ሚሊ ሰከንድ ደርሷል አሉን። ከ200 ማለፍ የለበትም፣ በዚህ ሕመም ደግሞ 240 ከደረሰ ቀልድ የለም። ተራው ኢሲጂ የሚያየው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፣ አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው፣ ስለዚህ ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚቀዳ ሆልተር ይገጠምለት ብለው ጻፉ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ (ስሙን ተዉት) ልጁ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ለጣጥፎ ሸኘን። ሲያዞርህ ጻፍ ብሎ ወረቀት ሰጠው። ወንድሜም «8 ሰዓት ላይ ዞረብኝ» ብሎ ጻፈ። ውጤቱ ምን አለ መሰላችሁ? ሕመም በተሰማው ሰዓት የልብ ምቱ ጤነኛ ነው! እኛም ደስ ብሎን፣ እግዜር ይመስገን ብለን ቡና አፈላን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ወደቀ። ሐኪሙ ወደዚህች ሲስተር ላኩን።

የድሮውን ውጤት ተቀብላ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወንድሜን ቀና ብላ አየችውና «ጋሼ፣ ይቺ 8 ሰዓት በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?» አለችው። በእኛ ነዋ፣ ሌሊት 8 ሰዓት! ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። አንባቢው 8 ሰዓት ሲል ያየው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ የነበረውን ልብ ነው። እውነተኛው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ደረቱ ላይ ከተለጠፉት የማሽኑ ተለጣፊዎች አንዱ ተላቅቆ ኖሮ ምንም አልተቀዳም። ይሄን ሁሉ ከወረቀቱ ላይ አውጥታ አሳየችን። ሚስቱ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ደረቱን ላጨች፣ በአልኮል ጠረገች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች። ተለጣፊዎቹን ጡንቻ ላይ ሳይሆን አጥንቱ ላይ፣ ደረቱ መሀልና የጎን አጥንቶቹ ላይ አደረገቻቸው። ለምን ስላት፣ ጡንቻም የራሱ ኤሌክትሪክ ስላለው የልቡን መስመር ያበላሸዋል አለችኝ። ማሽኑ ላይ፣ የሚያዞረው ጊዜ የሚጫናት ቁልፍ አለች። የወንድሜ ጣት እሷ ላይ አይታዘዝም። ሲስተር ሦስት ጊዜ አስሞከረችውና «በቃ በጣትዎ አንጓ ይጫኑ» አለችው፣ ሠራ። ማስታወሻውን ራሷ በሁለት ዓምድ አሰመረችው፣ አንዱ በእኛ ሰዓት አንዱ በፈረንጅ። ዐቢይ ጾም ነበርና ቢሰግድ እንኳን እንዲጽፍ ነገረችው፣ አለዚያ ልቡ ለምን እንደፈጠነ ሐኪሙ አያውቁም።

እየሠራች ታጫውተዋለች ደግሞ። ሆልተር የአሜሪካዊው ፈጣሪ ስም መሆኑን፣ የመጀመሪያው ማሽን 38 ኪሎ ያህል የሚመዝን በጀርባ የሚታዘል እንደነበር ነገረችው። የሱ ከሞባይል ያነሰች ናት። ወንድሜ በጭንቀቱ ሁሉ መሀል ሳቀ። ሲሰናበታት እጇን ጨበጣት፣ እንደልማዱ አልለቅ አለው። ሰው ሁሉ ሲጨንቀው እጁን መንጭቆ ያወጣል። እሷ ግን ወሬዋን ሳታቋርጥ ጣቶቹ በራሳቸው እስኪፈቱ ቆማ ጠበቀችው።

ውጤቱ መጣ። ሌሊት 9፡10 ላይ፣ ማሽኑ 03፡10 በሚለው፣ ልቡ ከ4 ሰከንድ በላይ ቆሟል። በአንጓው የተጫናት ምልክትም እዚያው አጠገቧ አለች። ፔስሜከር፣ ልብ ሲዘገይ በኤሌክትሪክ የምትቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ፣ ተገጠመለት፣ ከትከሻው በታች ካለው አጥንት ሥር ትታያለች፣ የሰዓት ያህል ናት። ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው፣ ሌላ ዓይነት የምት መዛባትም ሊመጣ ስለሚችል። ወጪውን አታንሱብኝ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጽሁፍ ይፈልጋል። ወንድሜ ግን ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። እኔም ኢሲጂ ተነስቻለሁ፣ ለጊዜው ደህና ነኝ።

ቤታችሁ ውስጥ የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው ካለ፣ ዱሼን የሚባለውም ይሁን ሌላ፣ ልቡ ታይቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቀዶ ጥገና ካለበት ደግሞ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ስለ ሕመሙ ቀድሞ ይወቅ፣ ለነዚህ ሰዎች የማይሆኑ መድኃኒቶች አሉ።

የሲስተርን ቦታ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ልበሱ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ገላችሁን ታጠቡ፣ ማሽኑ እያለ መታጠብ የለም። የድሮ ኢሲጂ ካላችሁ ያዙ፣ ታነበዋለች። ማን ላካችሁ ካለች «እጅ የማይለቀው ሰውዬ ወንድም» በሏት፣ ታውቀናለች።