የጁገል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር) የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት፦ ከየት መጀመር ያዋጣል?

የሐረር አስጎብኚዎች የሚሰጡት የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት ለገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ባጃጅና ሚኒባስ ከግንቡ ውስጥ ወዳለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ ድረስ ስለሚገባ ብዙው ጉብኝት የሚጀመረው እዚያ ነው። እንግዳው መጀመሪያ የሚያየው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንን ነው፤ ይህ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የመጣው ዘመን አሻራ ነው። ከዚያ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይመልሱታል፣ መልሰው በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ወደሚጠራው ራምቦ ቤት ይወስዱታል። ሲጨርስ ማን ከማን እንደቀደመ ይምታታበታል።

ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገሩ "ከኤረር በር፣ ከግንቡ ውጭ እንጀምር" በሉ። የሐረር መናገሻነት ግልጽ የሚሆነው ከዚያ ነው። የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫውን ወደ ሐረር ያዛወረው በ1520 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኢማም አህመድ (ግራኝ) በ1543 ከወደቁ በኋላ ከተማዋ ራሷን መከላከል ነበረባትና ገዢዋ አሚር ኑር ግንቡን አሠሩ፤ ቁመቱ 4 ሜትር፣ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥሩ አስጎብኚ እዚህ ጎንበስ አድርጎ ከግንቡ ሥር ያለውን የጅብ ማለፊያ ቀዳዳ ያሳያችኋል። ሰው በሩን ዘግቶ ሲተኛ ጅቡ በዚያ እየገባ ከየመንገዱ አጥንትና ትርፍራፊ ይለቅም ነበር። ከዚህ የቀረውን ታሪክ እየተራመዱ መስማት ይቻላል፦ በ1577 የሱልጣኔቱ መንበር አፋር ውስጥ ወዳለችው አውሳ ሄደ፣ በ1647 አሊ ኢብን ዳውድ የሐረርን የራሷን ኢሚሬት መሠረቱ፣ ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ያዟት።

ከአሚር ኑር መቃብርና ከጀሚዕ መስጊድ በኋላ (ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ መስጊዱ የሚታየው ከውጭ ነው) ወደ አንድ የሐረሪ ቤት ይገባል። የጉብኝቱ ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በአሥር ደቂቃ አልቆ ወደ ሰፌድና አምባር ሽያጭ ይዞራል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠይቁ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ከፍታቸው የሚለያይ አምስት ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) ታያላችሁ። ማን የት እንደሚቀመጥ የተወሰነ ነው፤ አሚር ነደባ የአባወራው ወይም የክቡር እንግዳ ነው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ቤት ውስጥ አለች ማለት ነው። አስጎብኚው ነደባዎቹን አንድ በአንድ ካላስረዳ፣ ግድግዳውን በሚሸፍኑት ሳህኖችና ስፌቶች ብቻ ካለፈ፣ ያለ እሱም መግባት ይቻል ነበር።

ራምቦ ቤት ላይ ጠንቀቅ በሉ። "ገጣሚው እዚህ ኖረ" የሚል አስጎብኚ ተሳስቷል። ራምቦ በ1880ዎቹ ሐረር ውስጥ ነግዷል፣ በ1891 ሞቷል፤ ቤቱን የሠራው ግን ከዚያ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ለጥንታዊ የሐረር ፎቶግራፎቹ ሲባል መግባቱ አይከፋም። ጊዜ ካጠረ ግን ምርጫው ሸሪፍ ሙዚየም ይሁን። በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው፤ የእጅ ጽሑፎች፣ የጦር መሣሪያና የሐረር አሚሮች ያስመቷቸው ገንዘቦች አሉበት። የራሱን ገንዘብ የሚመታ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ እነዚያን ትንንሽ ገንዘቦች ቀርቦ ማየት ያስረዳል።

ከድሬዳዋ ለሚመጣ ሚኒባሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከግንቡ መጀመር፣ ሐረሪ ቤት 4 ሰዓት መግባት፣ ሙዚየሞቹን ከምሳ በፊት መጨረስ ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ። አርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ሌላ ቀን ምረጡ። ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ፤ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ክፍያው በሰው ይሁን በቡድን አስቀድሞ ይለይ። የሙዚየም መግቢያ፣ ለቤቱ ባለቤት የሚሰጠውና የጅብ ማብላቱ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ስለሚከፈሉ ዝርዝር ብር ያዙ። የአስጎብኚነት መታወቂያውንም ጠይቁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከፋም። ጅብ ማብላቱ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ማየት የፈለገ ሰው ሐረር ማደር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድሬዳዋ መኪና ማግኘት ያስቸግራል።