ፕላስቲክ ትቼ በሪሳይክል ወረቀት መጠቅለል ከጀመርኩ በኋላ ያየሁት

ኦንላይን ነው እቃ የምሸጠው፣ አብዛኛው ኩባያና ሳህን ስለሆነ መጠቅለያ ለኔ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ድሮ አረፋ ያለው ፕላስቲክ፣ ፌስታልና የፕላስቲክ ፕላስተር ነበር የምጠቀመው፣ አሁን ሶስቱንም በሪሳይክል ወረቀት ቀይሬያለሁ። ሰው ሁሌ "እቃው አይሰበርም ወይ?" ብሎ ስለሚጠይቀኝ እስቲ በዝርዝር ልጻፈው።

በጣም የወደድኩት ያን የንብ ቀፎ የሚመስለውን ወረቀት ነው። ሲመጣ ጠፍጣፋ ጥቅልል ነው፣ በምላጭ የተበጣ ነው የሚመስለው፣ ሳብ ስታደርጉት ግን ይከፈትና ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ጠርዞቹም ስለሚቆሙ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፣ ፕላስተር እንኳን አይፈልግም። ዋናው ነገር እየሳባችሁ ጠበቅ አርጋችሁ መጠቅለል ነው፣ ካልተለጠጠ ተራ ወረቀት ነው በቃ፣ ምንም አይከላከልም። የኩባያው እጀታ ላይ ለብቻው ቁራጭ ጨምሩበት፣ ቶሎ የሚሰበረው እሱ ነው። ሳይሳብ ቦታ አለመያዙም ደስ ይላል፣ የአረፋው ፕላስቲክ ግማሽ ክፍል ነበር የሚሞላው።

ፕላስተሩ በውሃ የሚረጥበው የወረቀት አይነት ነው፣ ሙጫው ከስታርች የሚሰራ። ካርቶኑ ላይ ሰርጎ ስለሚይዝ አንዴ ከተጣበቀ ካርቶኑን ሳይቀድ አይነሳም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ የከፈተው ካለ ወዲያው ይታወቃል። ውሃ ካበዛችሁበት ግን ሙጫው ይታጠባል። ደግሞ ውስጡ የፋይበርግላስ ክር ያለው አለ፣ ለቀላል እቃ እሱ አያስፈልግም፣ ያለ ክር ያለውን ግዙ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቡናማ ስለሆነና ቅጠል ስለተሳለበት ብቻ እንዳትገዙ!! "ውሃ አያስገባም" የሚሉት ፖስታዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎባቸዋል፣ ወረቀትና ፕላስቲክ ከተጣበቀ ደግሞ ለይቶ ሪሳይክል ማድረግ ከባድ ነው። ቀደድ አርጋችሁ እዩት፣ ጠርዙ ላይ የሚለጠጥ ነገር ከቀረ ፕላስቲክ አለበት። ሻጩን ስንት ፐርሰንቱ ሪሳይክል እንደሆነ ጠይቁት፣ ከዛም ውስጥ ሰው ተጠቅሞ ከጣለው ወረቀት የተሰራው ስንት እንደሆነና የፋብሪካ ቁርጥራጭ የሆነው ስንት እንደሆነ፣ በደንብ የሚመልስላችሁ ሰው ጋ ግዙ። "ኤፍ ኤስ ሲ ሪሳይክልድ" (FSC Recycled) የሚል ምልክት ካለውም ጥሩ ነው፣ ኤፍ ኤስ ሲ ለደንና ለወረቀት ምርቶች ማረጋገጫ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው።

ለምን ይሄ ሁሉ ድካም ለምትሉ፣ ኦኢሲዲ (OECD) የሚባለው፣ አብዛኞቹ ሃብታም የሆኑ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት፣ ባወጣው ሪፖርት መሰረት በ2019 ዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ በትክክል ሪሳይክል የሆነው 9% አካባቢ ብቻ ነው። ወረቀት እዚህ ላይ በጣም ይሻላል፣ ባህር ቢገባ እንኳን እንደ ፕላስቲክ ለዘመናት አይቆይም። ግን ወረቀትም ነፃ አይደለም፣ የወረቀቱ ክር በየሪሳይክሉ እያጠረ ስለሚሄድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ነው የሚያገለግለው፣ ክብደቱም ከፕላስቲክ ይበልጣል፣ ለማጓጓዝ ነዳጅ ይፈጃል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ጥናት የወረቀት ከረጢት በአየር ንብረት ተፅእኖው ከስስ ፌስታል እኩል ለመሆን 3 ጊዜ መጠቀም ነበረበት። ለዚህ ነው ለትንሽ እቃ ትልቅ ካርቶን ወስዶ ባዶውን በወረቀት መሙላት የሚያናድደኝ፣ ፕላስቲክ ስላልሆነ ብቻ አካባቢ ጠበቅን ማለት አይደለም። እኔ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ካርቶን ካገኘሁ በእሱ ነው ደግሜ የምልከው፣ ደንበኞቼም እስካሁን ቅር ያለው የለም።

ምግብ ለምትሸጡ አንድ ነገር፣ ሪሳይክል ካርቶን ከድሮው የህትመት ቀለም የቀረ ዘይት ሊኖረው ስለሚችል ለምግብ ተብሎ ያልተሰራውን በቀጥታ ምግብ አታስነኩት።

ለሰሃን፣ ለመፅሐፍ፣ ለልብስ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን ያስቀነሰው ዝናብ ነው፣ ካርቶን ከረጠበ ጉልበቱን ያጣል፣ ስለዚህ ዝናብ ላይ ሊቆም የሚችል እቃ ከሆነ ቀድማችሁ ከአድራሹ ጋ ተነጋገሩ።