ሁለት «የምድር ጌኮዎች» ከነቤታቸው፦ የአንድ ሱቅ ግምገማ

በሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ አንድ የተሳቢ እንስሳት መሸጫ ለልጄ ሁለት ጌኮዎች (ትናንሽ የእንሽላሊት ዓይነቶች) ከነመኖሪያቸው ገዝቻለሁ። ሱቁ እንስሳትን በመንከባከብ በኩል የሚመሰገን ነው። የሸጠው እንስሳ ምን እንደሆነ ለይቶ በመናገርና ለዚያ እንስሳ የሚስማማ ቤት በማቅረብ በኩል ግን ደካማ ነው፤ የኋለኛው ድክመት ደግሞ ከፊተኛው የመጣ ነው።

በቅድሚያ የሚመሰገነውን ልናገር። ሁለቱም ጌኮዎች ዓይናቸው የጠራ፣ ጅራታቸው ያልሟሸሸ፣ ጣቶቻቸው ላይ የተጣበቀ አሮጌ ቆዳ የሌለባቸው ነበሩ። ሻጩ ከዱር የተያዙ ሳይሆኑ በሰው እጅ የተፈለፈሉ መሆናቸውን ሳይጠየቅ ነግሮኛል፤ መቼ ምን እንደበሉ የተጻፈበትን ካርድም አሳይቶኛል። ከዱር ተይዞ የመጣ እንስሳ ብዙውን ጊዜ ውኃ ጠምቶትና የሆድ ጥገኛ ትላትል ይዞ ስለሚደርስ፣ ይህ መረጃ ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነው። እኛ አገር ቤት ሳለን በመጥረጊያ የምናባርረውን ፍጥረት ዛሬ በዶላር ገዝተን ስለ ጤናው መጨነቃችን ዘመዶቼን ማሳቁ አልቀረም።

ችግሩ የሚጀምረው ከመለያው ነው። በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አፍሪካን ግራውንድ ጌኮ» (የአፍሪካ የምድር ጌኮ) ከማለት በቀር ሳይንሳዊ ስም አልያዘም። በዚህ ስም ሊሸጡ የሚችሉት እንስሳት ግን ብዙ ናቸው፦ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣው ባለ ወፍራም ጅራቱ ሄሚቴኮኒክስ፣ ከሰሜን አፍሪካና ከአረቢያ በረሃዎች የሚመጣው ትንሹ ስቴኖዳክቲለስ፣ የማዳጋስካሩ ፓሮዱራ ፒክታ፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ቆላዎች እስከ ታንዛኒያ ድረስ የሚገኘውና አፈር ውስጥ ተቀብሮ መዋል የሚወደው ሆሎዳክቲለስ አፍሪካነስ። እነዚህ ሁሉ ማታ ማታ መሬት ላይ የሚሄዱ ይሁኑ እንጂ የሚፈልጉት እርጥበትና አፈር አንድ ዓይነት አይደለም።

የእኛዎቹን ለመለየት የረዳን ከሁሉ በፊት ዓይናቸው ነው። ሄሚቴኮኒክስና ሆሎዳክቲለስ የሚንቀሳቀስ የዓይን ቆብ ስላላቸው ሲተኙ ዓይናቸውን ይከድናሉ። የእኛዎቹ ግን ቀን ሲተኙ ዓይናቸው እንደተገለጠ ነው፤ ማታ ሲነቁም ምላሳቸውን አውጥተው በዓይናቸው ላይ ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን እንደ መስኮት መስታወት ይወለውሉታል። ቀጥሎ ጣቶቻቸውን በማጉያ መነጽር ስናይ፣ በእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ጥንድ ትናንሽ ንጣፎች አሉ፤ ይህ የፓሮዱራ ወገን ምልክት ነው። ለሰውነታቸው ትልቅ የሆነው ጭንቅላታቸውና ቡናማው ጀርባቸው ላይ የተረጨው ፈዛዛ ነጠብጣብ ሲጨመርበት፣ እንስሳቱ የማዳጋስካሩ ፓሮዱራ ፒክታ መሆናቸው አላጠራጠረንም።

ስሙ ሲታወቅ ሱቁ ያልነገረን ሌላ ጉዳይ ወጣ። በአንደኛው ጌኮ ጅራት ሥር ጎልቶ የሚታይ እብጠት አለ፤ ይህም ወንድ መሆኑን ያመለክታል፤ ሌላዋ ሴት ናት። የዚህ ዝርያ ሴት ከወንድ ጋር እስካለች ድረስ ቅርፊታቸው ጠንካራ የሆነ ሁለት ሁለት እንቁላሎችን ደጋግማ ስለምትጥል፣ ከአጥንቷ ካልሲየም እየተሟጠጠ ትዳከማለች። ጥንዱን «ለጓደኝነት» ብሎ በአንድ ሣጥን መሸጥ ለገዢው ቀላል ቢመስልም፣ ዋጋውን የምትከፍለው ሴቷ ናት።

አብሮ የተሸጠልን ዕቃ ከመስታወቱ ሣጥን በስተቀር ብዙም የሚደነቅ አይደለም። ሣጥኑ ዝቅ ያለና ወለሉ ሰፊ ነው፤ በአብዛኛው መሬት ላይ ለሚኖር ጌኮ የሚያስፈልገውም ቁመት ሳይሆን ወለል ነው። ነገር ግን ከሣጥኑ ጋር የተሰጠው የማሞቂያ ምንጣፍ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) የለውም። እንዲህ ያለ ምንጣፍ ከልክ በላይ ሊግል ይችላል፤ ጌኮ ደግሞ ሲሞቀው በደመ ነፍስ ወደ ታች ስለሚቆፍር፣ ከሙቀቱ የሸሸ መስሎት ወደ ሙቀቱ ምንጭ ይቀርባል። የካልሲየም አሸዋ የተባለውም «ቢበላ ይፈጫል» ተብሎ ቢተዋወቅም፣ ሲረጥብ የሚጋገርና ካልሲየም የጎደለው እንስሳ እየላሰ አንጀቱን ሊዘጋበት የሚችል ነገር ነው። በግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ባለ መርፌ ሙቀት መለኪያም የሚለካው የአየሩን እንጂ እንስሳው የሚተኛበትን ወለል አይደለም።

አሁን ሁለቱ በተለያየ ሣጥን ይኖራሉ። ለጊዜው ወለሉ ሰገራቸው በቀላሉ እንዲታይ የወረቀት ፎጣ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ ሰገራውን መርምሮ ከጥገኛ ነፃ መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ማዳበሪያ የሌለበት አፈርና የታጠበ አሸዋ ተደባልቆ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል፤ ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ ግን ትንሽ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ሞቃቱ ጫፍ በቴርሞስታት 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ 24 አካባቢ ነው። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ አለ፤ ቆዳቸውን በሚጥሉበት ጊዜ የሚገቡበት እርጥብ ሞስ (ውኃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) የተነጠፈበት ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃም ተጨምሯል። ፌንጣው በሁለቱ ዓይኖቻቸው መካከል ካለው ስፋት እንዳይበልጥ ተመርጦ፣ በካልሲየም ዱቄት ተነስንሶ ይሰጣል።

ሱቁ ምንጣፉንና ያልተከፈተውን አሸዋ በደረሰኝ ያለ ክርክር ተቀብሎ ገንዘቡን መልሷል፤ የመለያውን ጉዳይ ስናነሳ ግን ሥራ አስኪያጁ «ሁሉም የምድር ጌኮ ነው» ብሎ አልፎታል። ለእንስሳቱ ጤንነት ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ለመለያውና አብሮ ለሚሸጠው ዕቃ ግን ሁለት ይበቃዋል። ከዚያ የሚገዛ ሰው ጌኮውን ይውሰድ፣ ሣጥኑንም ይውሰድ፤ ሳይንሳዊ ስሙን በደረሰኙ ላይ ያስጽፍ፤ ማሞቂያውንና ንጣፉን ግን ዝርያውን ካረጋገጠ በኋላ ለብቻ ይግዛ።