ጉቺ ብሉም ወይስ ጉድ ገርል? ቲዩበሮዝ ለሚፈልግ ሰው

«ጣፋጭ የቲዩበሮዝ ሽቶ የትኛውን ልግዛ?» ሲባል ሁለት ስሞች ተከታትለው ይመጣሉ፦ በ2016 የወጣው የካሮሊና ሄሬራ ጉድ ገርልና በ2017 የወጣው ጉቺ ብሉም። መልሱ ይቅደም፤ ብሉም ይገዛ። ጉድ ገርል መጥፎ ሽቶ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላው አበባው ስለሚጠፋ ነው።

ቲዩበሮዝ «ሮዝ» ይባል እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። ትውልዱ ሜክሲኮ፣ ወገኑ ከአጋቬ ጋር የሆነ ነጭ አበባ ነው፤ ከተቀጠፈ በኋላም ማወዱን አያቆምም። መዓዛው ብዙ ፊት አለው። መጀመሪያ ለጡንቻ ሕመም የሚቀባ ቅባት የሚያስታውስ ቀዝቃዛ ሽታ፣ ከሥሩ ቅቤና የኮኮናት ክሬም፣ ከዚያም በታች ኢንዶል የሚባለው፣ ጠውልጎ ሊበሰብስ የደረሰ አበባ የሚመስለው ሽታ ይገኛል። በ1948 ሽቶ ቀማሚዋ ዠርሜን ሴሊዬ የሠራችው ፍራካ የተባለ ሽቶ ቅቤውን ሳትቆጥብ ያፈሰሰችበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ቲዩበሮዝ ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

ብሉም የአልቤርቶ ሞሪያስ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አረንጓዴና ሳሙና ሳሙና ይላሉ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፊቱን አጨፍግጎ ጠርሙሱን ይመልሰዋል። መታገስ ነው። ቀጥሎ ቲዩበሮዙና ጃስሚኑ ተቀላቅለው ወተት ወተት፣ ትንሽም ፓውደር ይሆናሉ፤ ጣፋጭነቱ የራሱ የአበባው ነው። ከዚያ በኋላ እምብዛም አይለዋወጥም። ቆዳ ላይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት፣ ልብስ ላይ እስከ ማግስቱ ይቆያል።

የሉዊዝ ተርነር ጉድ ገርል ግን በአልመንድና በቡና ይከፈታል፤ ቲዩበሮዙ መሐል ላይ ብቅ ይልና ቶንካ (ቫኒላ ቫኒላ የሚል ጣፋጭ ፍሬ) እና ካካዎ ይውጡታል። የቀረው ሰዓት ሁሉ ጣፋጭ ኬክ ነው። ጉልበቱ አይካድም፤ ከ7 ሰዓት በላይ ይቆያል፣ ክፍልም ይሞላል። ኬክ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፤ አበባ ብሎ የገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ለቶንካ ከፍሏል።

ዋጋው ላይ ብሉም ይሸነፋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። አንድ ርጭት በአማካይ 0.1 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ 50 ሚሊው 500 ርጭት ገደማ ይሰጣል። ለጉድ ገርል በቀን 2 ስለሚበቃ 250 ቀን ይሄዳል፤ ብሉም 4 ስለሚፈልግ 125 ቀን ብቻ። በሚሊ ዋጋቸው እኩል ቢሆን እንኳ ብሉም በቀን እጥፍ ያስወጣል ማለት ነው። መላው 2 ቆዳ ላይ፣ 1 ኮሌታ ውስጥ መርጨት ነው፤ ያኔ ወደ 166 ቀን ይጠጋል። ሐር ላይ አይረጭም፤ ነጭ ልብስም ቢሆን አስቀድሞ በስፌቱ ውስጥ ይሞከር።

የብሉም መጠን ሲመረጥ የ50 ሚሊው ዋጋ ለ30 ሚሊው ዋጋ ይካፈል። ውጤቱ ከ1.67 በታች ከሆነ 50ው በሚሊ ይረክሳል። 100 ሚሊው ይበልጥ ቢረክስም በሳምንት 3 ቀን 3 ርጭት ለሚጠቀም ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ሙቀትና ብርሃን ባለበት ከተቀመጠ እስኪያልቅ ሲረጭ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ሊኮመጥጥ ይችላል። ካርቶኑ ለማይገደው ቴስተር (ለሱቅ መሞከሪያ የተዘጋጀ ጠርሙስ) መግዛት ይሻላል፤ ውስጡ ያው ነው።

ትልቁ ኪሳራ ፎርጅዱ ነው። የጉድ ገርል ኮፒ አፍንጫን በቀላሉ ያታልላል፤ ርካሽ ቫኒሊን (የቫኒላ ሽታ የሚሰጥ ንጥረ ነገር) ቶንካን ያስመስላልና። ቲዩበሮዝን በርካሽ መኮረጅ ግን ከባድ ስለሆነ የብሉም ኮፒ ቶሎ ወደ ማስቲካ ወይም ወደ ልብስ ሳሙና ይዞራል። በካርቶኑ ላይና በጠርሙሱ ታች ያለው ባች ኮድ (የምርት ዙር ቁጥር) አንድ መሆን አለበት፤ አንድ ሆነ ማለት ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም፣ ኮድም ይኮረጃል። የጉድ ገርል ጠርሙስ በባለ ተረከዝ ጫማ ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ተረከዙ ከተነቃነቀ ወይም ወርቃማው ቀለም በጥፍር ከተላጠ መተው ነው። ሮዝ ቀለም ያለው የብሉም ጠርሙስ ውስጡን አያሳይም፤ የጉድ ገርልም ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ያስቸግራል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ካልተከፈተ፣ መጠኑ ከሚመሳሰል ጠርሙስ ጋር በሚዛን ያስተያየው፤ የጎደለ 10 ሚሊ 8 ግራም ገደማ ይቀንሳል።

መርጫው ቢደፈን ጫፉን ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ መያዝና በአልኮል መጥረግ ይበቃል። አንገቱ ተጨምቆ የተዘጋ ስለሆነ በፒንሳ መንቀል ጠርሙሱን መስበር ነው።

ስሙንም እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። ብሉም «አኳ ዲ ፊዮሪ»፣ «ኔታሬ ዲ ፊዮሪ» የሚባሉ፣ ጉድ ገርል ደግሞ «ሌዤር»፣ «ሱፕሬም» የሚባሉ ወንድሞች አሏቸው፤ ሽታቸው ይለያያል። ከመክፈል በፊት ሁለቱን በሁለት ወረቀት ረጭቶ መውጣት፤ በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓትና በ4 ሰዓት ማሽተት። በ4ኛው ሰዓት የትኛው ወረቀት አሁንም አበባ አበባ እንደሚል አፍንጫ ራሱ ይናገራል።